አገር ጠያቂው ሞፋዘል ቻቻ

ከዳካ የሚነሣ መርከብ ያለ ካፒቴን ሊሄድ ይችል ይሆናል፤ «አገርህ የት ነው?» ባይ ሳይሳፈርበት ግን ወደቡን ለቆ አያውቅም። ሐሙስ ሐሙስ ወደ ቻንድፑር በምሄድበት መርከብ ላይ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክቡር ሞፋዘል ቻቻ፣ በእኛ አጠራር አጎት ሞፋዘል፣ ናቸው።

ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ደብዳቤው ቀረ እንጂ መለየቱ አልቀረም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባሉት እሳቸው ናቸው። ሻያቸውን ይዘው አጠገብህ ዱብ ይላሉ።

«አገርህ የት ነው? ቆይ፣ አትንገረኝ! ሲልሄት! ሻይና ዝናብ። አጎትህ ለንደን ምግብ ቤት አለው።»

«ሁለት አለው» ይላል ሰውየው፣ አፍሮ።

የአገሪቱን ኢኮኖሚ በሦስት ጣት ይጨርሱታል። «ወንዝ፣ የስፌት መኪና፣ ዐረብ አገር ያለ ልጅ። አራተኛ ካለህ አምጣ!» አንድ የባንክ ሠራተኛ አራተኛ ሊያመጣ ሞክሮ ቻንድፑር እስክንደርስ አልተለቀቀም።

እኔን ገና ያዩኝ ቀን «ቦግራ! የእርጎ አገር!» አሉኝ።

«ኮሚላ ነኝ፣ ቻቻ።»

«አያትህ ከቦግራ መጥቶ ነው። እናትህን ጠይቅ።»

ጠየቅሁ። እናቴ ሳቀች፤ አያቴ ከኮሚላ የሩዝ ማሳው ርቆ አያውቅም። ይህንኑ ብነግራቸው «ምራት የአማቷን ምስጢር ከየት ታውቃለች!» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሳያቸው ጋዜጣ እገልጥ ጀመር።

ባለፈው ክረምት መርከቡ መንገድ ከጀመረ በኋላ አንዲት አሮጊት ማልቀስ ጀመሩ። በወደቡ ግፊያ ከልጃቸው ተለይተው የተሳሳተ መርከብ ተሳፍረዋል። ስልክ አልያዙም።

«አገርዎ የት ነው፣ እማማ?» አለ ቲኬት ተቆጣጣሪው።

«ወንዝ ዳር።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ወንዝ ዳር ያልሆነ ማን አለና። ቻንድፑር ላይ ግን መርከቦች በየአቅጣጫው ይበተናሉ። እስከዚያ መሄጃቸው ካልታወቀ ማንንም በማያውቁበት ወደብ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው።

ሞፋዘል ቻቻ መጥተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን «አይንገሩኝ» አላሉም።

«ይንገሩኝ እስቲ፣ እማማ። በበጋ ውኃው ጨው ጨው ይላል?»

«ሩዙን ያቃጥልብናል።»

«እርጎው የላም ነው የጎሽ?»

«የላም ደግሞ እርጎ ይባላል?» አሉ አሮጊቷ፣ እንባቸው ሳይደርቅ ተቆጥተው።

«ቦላ!» ብለው ጮኹ ቻቻ። «የቦላ ደቡብ፣ ባሕሩ አፍ ላይ! በሉ ለቦላው መርከብ ደውሉ!»

ተደወለ። ልጁ እዚያ መርከብ ላይ «እናቴን!» እያለ ሰው ሲያምስ ነበር። ቻንድፑር ወርዶ ሊጠብቃቸው ተስማማ።

አሮጊቷ የቻቻን እጅ ይዘው «የአንተስ አገር የት ነው፣ ልጄ?» አሏቸው። ስድስት ዓመት አብረናቸው ስንጓዝ ማናችንም ጠይቀናቸው አናውቅም።

ቻቻ ወደ ኋላ፣ ወደ ደፈረሰው ሰፊ ውኃ በአገጫቸው አመለከቱ። «አሁን አለፍነው እኮ፣ እማማ። ወንዙ ከወሰደው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። መስጊዱ እዚያ ጋ ነበር።» ከዚያ ሻይ አዘዙ። እኔም ጋዜጣዬን አጠፍኩ፤ ስሸሻቸው የኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ቆጨኝ።

ባለፈው ሐሙስ አንድ አዲስ ተሳፋሪ አጠገቤ ተቀምጦ አገሬን ጠየቀኝ። ቻቻ ከወዲያ ማዶ ሻያቸውን አፋቸው ሳያደርሱ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

«ቦግራ» አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ከአያቴ ጀምሮ።»

«አላልኩም ነበር?» አሉ ቻቻ።