ባለኮፍያው ዋናተኛ

ውሃ ውስጥ እየገባ ውሃ እንዳይነካው የሚፈልግ ሰው የሌለበት መዋኛ ገንዳ ገና አልተቆፈረም። ይህን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። አውቶቡስ ውስጥ ሰው በሙቀት ሊቀልጥ ሲደርስ፣ «መስኮቱን ዝጉት፣ ንፋስ ገባ!» የሚለው እሱ ነው። ቢሮ ውስጥ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ ማራገቢያውን እንደ ደመኛው የሚያየውም እሱ ነው። ዋና አስተማሪዋ ግን ዕድለኛ ስለሆነች የደረሷት የዚህ ዘር አለቃ ነበሩ።

ክቡርነታቸው መጀመሪያ ቀን ብቅ ያሉት ውስጡ ጸጉራም የሆነ ግራጫ ባለኮፍያ ሹራብ ለብሰው፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ ክሩን አገጫቸው ሥር ቋጥረው ነው። የቢሮዋ በር ላይ «ዋና አስተማሪ» ተብሎ የተለጠፈውን ጮክ ብለው አነበቡና፣

«ምክትሏስ የት ናት?» አሏት።

«ጋሼ፣ የውሃ ዋና ማለት ነው እኮ።»

«እሱማ ገብቶኛል ልጄ። አለቃ መሆንሽን ላጣራ ብዬ ነው።»

አጣርተው ሲያበቁ በቀጥታ ወደ መሰላሉ አመሩ። አስተማሪዋ ከኋላቸው ሮጠች።

«ሹራቡን አያወልቁም?»

«ለምን?»

«ሊዋኙ አይደል እንዴ?»

«ታዲያ ልዋኝ ብዬ ብርድ ይምታኝ? ልብስ ሰፊ ነኝ ልጄ። ጫማ ሰፊ በባዶ እግሩ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አስተማሪዋ ለዚህ የሚሆን መልስ በተማረችበት ሥልጠና ላይ አልተሰጣትም ነበር። መልሱን ስታስብ እሳቸው ገብተው አበቁ።

ከዚያ ወዲያ የገንዳው ሰላም አከተመ። ሹራቡ ውሃ ሲጠጣ እጅጌው ይለጠጥና ከእጃቸው አልፎ ይንዘላዘላል። ክንዳቸውን ባነሱ ቁጥር ያ እርጥብ እጅጌ ዞሮ በጎናቸው የሚዋኘውን ሰው በጥፊ ያጮለዋል። ተመቺው ቀና ሲል ክቡርነታቸው ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ምክር ይለግሱታል። «ብርድ ቀልድ አያውቅም! አንተም አንድ ነገር ደረብ አድርግ።» የውሃ ኳስ ተጫዋቾች የመለማመጃ ኳሳቸው ጠፍታ ገንዳውን ሲያስሱ ቆይተው፣ በስንት ፍለጋ ያገኟት ወደ ኋላ በወደቀው የክቡርነታቸው ኮፍያ ውስጥ ተኝታ ነው። የውሃ ማጣሪያውን የሚያጸዳው ሠራተኛ ደግሞ ከቱቦው ውስጥ አንድ እፍኝ ግራጫ ጸጉር ሲጎትት ድመት የሰጠመች መስሎት ጮኸ። ከገንዳው ሲወጡማ አይነሳ! ግማሹ ውሃ አብሯቸው ይወጣል። እስከ ልብስ መቀየሪያው ድረስ ወንዝ እየሠሩ ይሄዳሉ።

አስተማሪዋ ሁሉንም ችላ ነበር። አንድ ቀን ግን ውሃ የሞላው ኮፍያ ፊታቸው ላይ ተደፋ። ሊገፉት እጃቸውን ሲያነሱ እጅጌው ከበዳቸው፣ ሊጮኹ አፋቸውን ሲከፍቱ ውሃ ገባባቸው፣ ጥልቁ ጋ ቁልቁል መሄድ ጀመሩ። አስተማሪዋ እንደቆመች፣ ከነሱሪዋ ከነጫማዋ ዘላ ገባች። አንገታቸው ሥር ይዛ፣ እያቃሰተች ዳር አደረሰቻቸው። ክቡርነታቸው ስለው ስለው ሲያበቁ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ይኸው!» አሉ። «አንቺም በልብስ ገባሽ።»

በዚያው ቀን እርጥብ ልብሷን እንደለበሰች ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። በማግስቱ በሩ ላይ «ሹራብ ለብሶ መዋኘት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ክቡርነታቸው መጥተው አነበቡት፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ «ይሄ የግል ጸብ ነው» አሉና ተመልሰው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አልታዩም።

ገንዳው ጸጥ አለ። በጥፊ የሚመታ የለም፣ ወንዝ የለም። አስተማሪዋ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ስትቀመጥ ነው ያቺን ሴትዮ ያስተዋለቻት።

ሴትዮዋ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ሞላ ያለች፣ ለጉልበቷ ሕመም «ዋኚ» ተብላ በሐኪም የተላከች ናት። መጀመሪያ ሰሞን ፎጣዋን ተጠቅልላ አግዳሚው ላይ ትቀመጥና ሳትገባ ትሄድ ነበር። በኋላ ገባች፣ መንሳፈፍም ለመደች። አስተማሪዋ ይህንን የገዛ ችሎታዋ ፍሬ ነው ብላ ስትኮራበት ነበር። አሁን ግን ሴትዮዋ እንደገና አግዳሚው ላይ ናት፤ ፎጣው እስከ አንገቷ።

«ምነው እህቴ? ዛሬም አትገቢም?»

«ዛሬ ይቅርብኝ።» ወደ መሰላሉ አየች። «እኚያ ሰውዬ ጠፉ አይደል?»

«ተገላገልን!»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። «እሳቸው ሲኖሩ ሰው ሁሉ እሳቸውን ነው የሚያየው። ያን ጊዜ እኔ ቀስ ብዬ እገባለሁ፤ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም። አሁን ግን ከዚህ እስከ መሰላሉ ያለው መንገድ አላልቅ ይለኛል።» ፎጣዋን ጠበቅ አደረገች። «ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።»

«ሞኝነትስ አይደለም» አለች አስተማሪዋ። ያን ቀን ሴትዮዋ ጉልበቷን እየደገፈች፣ ሳትረጥብ ስትወጣ በዓይኗ ሸኘቻት።

በሳምንቱ የልብስ ሰፊውን ሱቅ ጠይቃ አገኘችው። ክቡርነታቸው በዚያ ሁሉ ሙቀት ኮፍያቸውን እንዳጠለቁ ከስፌት መኪናቸው ጀርባ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩዋትና መልሰው አቀረቀሩ።

«ሱሪ ልታሳጥሪ ነው?»

«አይ ጋሼ። ልመልስዎት ነው የመጣሁት።»

«ማስታወቂያውስ?»

«ማስታወቂያው የሚለው ሹራብ ነው። ይሄ ሹራብ አይደለም።» የተጠቀለለ የመዋኛ ልብስ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጨርቅ መሸጫው ውስጥ የተገኘው ቀለም ያ ብቻ ስለነበር ዓይን የሚያጠፋ ቢጫ ነው። «ውሃ አይዝም፣ አይከብድም። ሰውነት ላይ ልክክ ብሎ ይሰፋል።»

በሁለት ጣታቸው ቆነጠሩት። «ጨርቅ ነው ወይስ የሽንኩርት ልጣጭ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ከቀሩ ወዲህ ውሃ ያልገባች እህት አለች።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ክቡርነታቸው ለረጅም ጊዜ አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ በራ። «ምክሬን ፈልጋ ነዋ!»

አስተማሪዋ በሥራ ዘመኗ እንዲህ የከበዳትን ውሸት ዋሽታ አታውቅም። «አዎ ጋሼ። ምክርዎን ፈልጋ ነው።»

«ቁመቷ እንዴት ነው? ለሷም ልስፋላት። ብርድ እሷንም አይምራት።»

የተመለሱ ዕለት ገንዳው በሙሉ ቀጥ አለ። ከቅንድብ እስከ ጉልበት ቢጫ የሆኑ ሽማግሌ በመሰላሉ ሲወርዱ ዋናተኛው ዋናውን ትቶ አፉን ከፈተ። በዚያ ግርግር መካከል ከኋላቸው ያው ቢጫ ልብስ የለበሰች፣ ኮፍያውን ግን እምቢ ብላ ያስቀነሰች አንዲት ሴት ፎጣዋን አግዳሚው ላይ ጣል አድርጋ ውሃው ውስጥ ገባች። አንድም ሰው አላያትም። አስተማሪዋ ብቻ አየቻት፤ እሷም ቶሎ ብላ ዓይኗን መለሰች።

ክቡርነታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ መሰላሉ ሥር ያለውን ጥግ ያዙ። እዚያ ቆመው ለሴትዮዋ አተነፋፈስ ያስተምራሉ፤ የሚሉት ሁሉ ስህተት ነው። ሴትዮዋ በአክብሮት ታዳምጥና የአስተማሪዋን ትሠራለች።

በቅርቡ አንድ ቀን ቀሩ። በስልክ፣ አፍንጫቸው ድፍን ብሎ፣ «የሽንኩርት ልጣጭሽ ጣለኝ! አልነገርኩሽም?» አሏት። ጉንፋኑ የያዛቸው ቤታቸው ውስጥ፣ ሦስት ብርድ ልብስ ሥር ሆነው ነው። ይህን ማንሳት ግን አልተቻለም፤ ስልኩን ዘጉባት።

ሴትዮዋ ያን ቀን ብቻዋን መጣች፤ ፎጣዋን ጥላ፣ በሰው ሁሉ ፊት አልፋ ገባች። «ጋሼ ደህና ናቸው?» ብላ ጠየቀችና መዋኘቷን ቀጠለች።

ወዲያው አንድ አዲስ ዋናተኛ መነጽሩን እያስተካከለ ወደ መሰላሉ ጥግ መጣ። አስተማሪዋ ሳታስበው ፊሽካዋን ነፋች።

«ወንድሜ፣ ወደዚያ ፈቀቅ በል። ይሄ ቦታ ሰው አለው!»

ሰውዬው ባዶውን ውሃ አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ውሃውን አየ። ከዚያ ወደ ሌላው ጥግ ዋኘ።