ተከፍሎበት ዋጋ የጨመረ ፍራሽ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ግን ከሸጠ በኋላ ዋጋ የሚጨምር ነጋዴ ገጥሟችሁ ያውቃል? ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ስልክ ይበዛበታል እንጂ።

ወገቧን ለሚያማት እናቴ ሰበታ ገበያ ፍራሽ ገዛሁ። ከፍዬ ባጃጅ ልጠራ ወጣሁ። ስመለስ ባለሱቁ ኦቦ ደቻሳ ስልካቸውን ዘግተው፣ "አከፋፋዮቹ ዋጋው አሁን ጨምሯል አሉኝ፤ አምስት መቶ ብር ጨምሪ" አሉኝ።

እሳቸውስ ምን ያድርጉ? ነገ የሚያመጡት በአዲሱ ዋጋ ነው። የእናቴ ወገብ ግን ይህን አይረዳም። ብሩም የለኝ፣ መከራከርም አፈርኩ፤ ፍራሹ ላይ ቁጭ አልኩ።

አንዲት ገዢ ገብታ፣ "እህቴ፣ በስንት ገዛሽው?" አለችኝ። መዋሸት አልችልበትም፤ የከፈልኩትን ነገርኳት።

"ለእኔም በዚሁ ስጡኝ!" ብላ ቦርሳዋን ከፈተች።

ኦቦ ደቻሳ ደንግጠው ፍራሹን ራሳቸው ባጃጁ ላይ ጫኑልኝ። ጎንበስ ብለውም፣ "በቃ ሂጂ ልጄ፤ ብቻ በስንት እንደገዛሽው ለሰው እንዳትናገሪ!" አሉኝ።