ቀን የማያጎድለው ጋዜጣ

የሌላው ዓለም ጋዜጦች ቀኑን ተከትለው ይወጣሉ። የእኛ የቴማሩ ደሴት «ዕለታዊ» ግን ቀኑን ራሱ ይመራዋል። በስልሳ ዓመት ዕድሜው አንድም ቀን አጉድሎ አያውቅም፤ ይህም ከስሙ ሥር በወፍራም ፊደል ታትሞ ይነበባል። የስልሳኛ ዓመት በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ይህን አኩሪ ታሪክ እንድጽፍ ሲመርጠኝ የተሰማኝ ክብር ከፍ ያለ ነው። ኮሚቴው ማለት ዋና አዘጋጁ ፓፓ ቴኡራ ናቸው።

መሥራቹ የፓፓ ቴኡራ አባት ነበሩ። ከባሕር ማዶ አንድ የእጅ ማባዣ ማሽን ይዘው እንደተመለሱ ሁለት ሕግ ደነገጉ። አንደኛው፣ ሰው ሁሉ ያልሰማው ነገር አይታተምም። በቴማሩ ሁሉም ዘመድ ስለሆነ የሰውን ጉዳይ ከአፉ ሳይሰሙ በወረቀት ማንበብ ነውር ነው። ስለዚህ አንባቢው ዜናውን በሙሉ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ጋዜጣውን የሚያነበው በትክክል መጻፉን ለመቆጣጠር ነው። ሁለተኛው ሕግ፣ ጋዜጣው ቀን አያጎድልም።

ይህ ሁለተኛው ሕግ የተፈተነው በታላቁ ማዕበል ጊዜ ነበር። የማክሰኞው እትም እንደወጣ ማሽኑ ውሃ ገባበትና ሦስት ቀን ዝም አለ። ሌላ አዘጋጅ ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ያልፍ ነበር። የእኛ መሥራች ግን ሽማግሌዎቹን ሰብስበው፣ ጋዜጣው እስኪወጣ ድረስ ዕለቱ ማክሰኞ ሆኖ እንዲቆይ አስወሰኑ። ማንም አልተቃወመም። የመጀመሪያው ሰባኪ ቀኑን በባሕሩ በወዲያኛው ወገን አቆጣጠር እየቆጠረ በመምጣቱ፣ አያቶቻችን ሰባ ዓመት ሙሉ እሑድን በቅዳሜ ሲያከብሩ ኖረዋል። እንዲህ ላለ ሕዝብ የማክሰኞ መደጋገም ምኑም አይደለም። ማሽኑ የተጠገነ ዕለት የረቡዕ፣ የሐሙስና የዓርብ እትሞች ባንድ ማለዳ ወጡ። ቁርሱን ረቡዕ የበላ ሰው ምሳውን ዓርብ በላ ማለት ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ወረቀት የሚያመጣልን መርከብ ተበላሸ። የመጨረሻው እትም የሐሙስ ስለነበር እኛም ሐሙስ ላይ ቀረን። ሕዝቡ በአስተዋይነቱ ጸጥ ብሎ ሐሙስን ኖረ። ትምህርት ቤቱ የሐሙሱን የማካፈል ትምህርት ለሦስተኛ ጊዜ ሰጠ፤ መምህሩም የተማሪዎቹ ውጤት ከምንጊዜውም በላይ መሻሻሉን አስታወቁ።

የተቸገረችው አካይቲ ብቻ ነበረች። ሠርጓ ቅዳሜ ነው። ሙሽራው ማኔአ ከጎረቤት ደሴት የመጣው በኮኮናት መጫኛ ጀልባ ሲሆን ሞተረኛውም እሱ ራሱ ነው። ጀልባው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሲሞላ ይነሳል፤ የሚመለሰው ከስድስት ወር በኋላ ነው። የዚያ ደሴት ሰዎች ጋዜጣችንን ስለማያነቡ፣ ያለ አንዳች ማስረጃ ዕለቱ ቅዳሜ ነው ብለው ያምናሉ። ፓስተራችን ደግሞ ሐሙስ ቀን አላጋባም አሉ። በዚያ ላይ በእኛ ዘንድ በጋዜጣ ያልወጣ ሠርግ ሠርግ አይባልም። እያንዳንዱ ቤት የሠርጉን ወረቀት በዛፍ ሙጫ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ የመጀመሪያው ልጅ እስኪወለድም ማንም አይነካውም።

አካይቲ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወደ ማተሚያ ቤቱ መጣች። ፓፓ ቴኡራ አጎቷ ናቸው። እኔም እዚያው ተቀምጬ የታሪኬን የመጨረሻ ምዕራፍ አሳምር ነበር።

«አጎቴ፣ ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው» አለቻቸው።

«ጋዜጣው የታለ?»

«ፀሐይ ከሐሙስ ወዲህ ሁለቴ ወጥታለች።»

«ፀሐይን ማን ይጠይቃታል? ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።»

«ጀልባው አይጠብቀኝም።»

«እና ሐሙስ ቀን ጥሎሽ የሚሄድ ባል ምን ይሠራልሻል?»

ዓይኗ እንባ ሞላ። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ለስልሳው የደሴታችን ቤቶች የሚታደል ስልሳ ሉክ ወረቀት እኔ አልጋ ሥር ነበርና። ባንድ ወገኑ የታሪኬ የመጀመሪያ ገጽ ታትሞበታል፤ ሌላው ወገን ባዶ ነው። ፓፓ ቴኡራ በዓሉ እስኪደርስ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አዘውኛል። የጋዜጣውም ሕግ ከእኔ ጋር ነበር፤ ሰው ሁሉ ያልሰማው ነገር አይነገርም።

ስወጣ ተከትላኝ ወጣች።

«አንተ ባለታሪክ፣ በቀደም ከዚህ ቤት ተሸክመህ የወጣኸው ምንድን ነው?»

«ታሪክ ነው።»

«በሁለት ወገን ነው የታተመው ባንድ?»

ጥያቄው ታሪክ ጸሐፊ የሚዘጋጅበት ዓይነት አልነበረም። «ባንድ ወገን፤ አልጋዬ ሥር ነው» አልኳት።

«በል እንሂድ» አለችኝ። «የኔ ቅዳሜ አልጋህ ሥር ነው ያለው።»

ሰጠኋት። የማሽኑን እጀታ ራሷ አዞረችው፣ ባዶውን ወገን አትማም ለየቤቱ አደለች፤ ፓፓ ቴኡራ የሐሙስ ምሳቸውን ሊበሉ ሄደው ነበር። ከጋዜጣው ስም ሥር እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ። አካይቲ ዛሬ ማኔአን ታገባለች። ወረቀት ከሐሙስ ጀምሮ ነበረ። ዋና አዘጋጁ ያውቁ ነበር።»

በስልሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝቡ የማያውቀውን ነገር በጋዜጣው ላይ አነበበ። ጎረቤቴ ማማ ንጋፖኮ መነጽራቸው የተበላሸ መስሏቸው ሦስት ጊዜ ጠረጉት። «እኔ ያልሰማሁት እንዴት ይጻፋል?» እያሉ ወረቀቱን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ደሴቱ በሙሉ ተከተላቸው። ፓስተሩም ከላይ የተጻፈውን «ቅዳሜ» አይተው ካባቸውን ደረቡ።

ፓፓ ቴኡራ ወረቀቱን ጨብጠው እያለከለኩ ደረሱ። ሙሽራዋ መሠዊያው ፊት ቆማለች፤ ጀልባው ጥሩምባውን ነፍቷል። እትሙ የእኛ አይደለም ካሉ ዕለቱ ሐሙስ ይሆናል፣ ወረቀት መደበቃቸውን ግን ሁሉም አንብቧል።

«ዓርብስ?» አሉ በመጨረሻ። «ዓርብን የት አደረግሽው?»

«ዓርብን ለእርስዎ ትቼዋለሁ፣ አጎቴ።»

ፓፓ ቴኡራ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ዕለታዊ» ዛሬም እንደ ወትሮው በከፍተኛ መሥዋዕትነት ለአንባቢው ቃሉን መጠበቁን፣ ዓርብም በቅርብ ቀን እንደሚወጣ አበሠሩ። በድግሱ ላይም ከአሳማው ጥብስ የሹሙን ድርሻ በሉ። ሙሽሮቹ ተሳፈሩ፣ ጀልባውም በሰዓቱ ሄደ።

መርከቡ ሲመጣ ዓርብ ታተመ። ስለዚህ «አንድም ቀን አጉድሎ አያውቅም» የሚለውን የታሪኬን የመጀመሪያ ገጽ ዓረፍተ ነገር መሰረዝ አላስፈለገኝም። ቢያስፈልገኝም አልችልም። አካይቲ እስክትወልድ ድረስ ታሪኬ በቴማሩ ቤቶች ሁሉ ተለጥፏል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።