የሰብሊ አጃቢ

ሰብሊ፦ (እየሮጠች፣ እያንጎራጎረች) የላህ ወንዝ ሞላ ይሉኛል፣ እኔ ምን ቸገረኝ፤ እምም… እምም… አለ የሚያሻግረኝ…

(ከቡሬ የተነሳው የበጎ አድራጎት የጎዳና ሩጫ ፍኖተ ሰላም ሊገባ ነው። ሰብሊ የሚጥል በሽታ አለባት። ሰዓቱ ሳያልፍ ከገባች፣ እንደ እሷ ላሉ የገጠር ታማሚዎች መድኃኒት ይገዛላቸዋል። አጎቷ አያ ዘሩ በባጃጅ ጎን ለጎን ይከተሏታል።)

አያ ዘሩ፦ ይኸው! መቀባዠር ጀመረሽ! ግቢ ባጃጁ ውስጥ!

ሰብሊ፦ ኧረ አያ ዘሩ፣ ግጥሙ ጠፍቶኝ ነው!

አያ ዘሩ፦ ሲጀምር እንዲያ ነው፤ መጀመሪያ ግጥሙ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ሰውየው። አይዞሽ፣ ክብሪት ይዣለሁ።

ሰብሊ፦ ለምኑ?

አያ ዘሩ፦ ስትወድቂ አፍንጫሽ ሥር እጭርልሻለሁ!

ሰብሊ፦ ሐኪሙ በጎን አስተኟት፣ እስክትነቃ አጠገቧ ሁኑ አለ እንጂ ለኩሷት አላለም!

አያ ዘሩ፦ እኔ ስንቱን በክብሪት አስነስቻለሁ! ለመሆኑ ኪኒንሽን ውጠሻል?

ሰብሊ፦ በሰዓቱ። ቁርሴን በልቼ፣ እንቅልፌንም ጠግቤ።

አያ ዘሩ፦ እኔ አንቺን ስጠብቅ ዓይኔን አልከደንኩ፣ እህል አልቀመስኩ!

ሰብሊ፦ ታዲያ የሚያሰጋው ማን ነው?

አያ ዘሩ፦ እኔን ነው? ባለባጃጅ፣ አቁም! ከዱርቤቴ ገበያ ያመለጠ ወይፈን በእግሬ ቀድሜ የያዝኩ ሰው ነኝ! ሩጫ ላሳይሽ!

(ወርደው፣ ጋቢያቸውን አሸርጠው ፈረጠጡ። አንድ የመብራት ምሰሶ አለፉ፣ ሁለት አለፉ፤ ሦስተኛው ሥር እንደ ነዶ ዘፍ አሉ። ሰብሊ ቆመች። መጨረሻው መስመር ከፊቷ ይታያል፣ ሰዓቱ ይሮጣል፣ ሯጮቹ ያልፏታል። እሷ ግን ተንበርክካ በጎን አስተኛቻቸው፣ ቀበቷቸውን አላላች።)

አያ ዘሩ፦ (አንድ ዓይናቸውን ገልጠው) ወደቅሽ እንዴ፣ ልጄ?

ሰብሊ፦ እርስዎ ነዎት የወደቁት።

አያ ዘሩ፦ እኔ? ታዲያ ምን ይገትርሻል? ሩጪ እንጂ!

ሰብሊ፦ ጥዬዎት? ክንድዎን ይስጡኝ።

(ተደጋግፈው፣ ከሁሉም ኋላ፣ ሰዓቱ ሊዘጋ ሲል መስመሩን ረገጡ። መስመሩ ዳር የተተከለው የምግብ ድንኳን በእልልታ ተናጋ። ምግብ የምታቀርበው ያምሮት ከመካከላቸው አንዱ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰምታለች።)

ያምሮት፦ ተባረኪ እህቴ፣ በሽተኛውን ደግፈሽ አመጣሻቸው! ነይ፣ ከእኛ ትሪ ብዪ። (ለአያ ዘሩ አንዲት ትንሽ ሰሃን ጥግ ላይ አኑራ) እርስዎ እዚያ ይሁኑ አባቴ፤ አይቀየሙኝ፣ በማዕድ ይጋባል ይባላል።

አያ ዘሩ፦ እኔን? ለብቻዬ? እንደ ውሻ? አንቺ ሴት፣ ይህን ድንቁርና ከየት ለቀምሽው!

ሰብሊ፦ (በለሆሳስ) ከእኛ ቤት ይሆናል፣ አያ ዘሩ። አሥራ ሁለት ዓመት ለብቻዬ ያበሉኝ በማን ትእዛዝ ነበር?

(አያ ዘሩ ወደ ጥጉ ሄዱ፣ ጋቢያቸውን መሬት ላይ አነጠፉ።)

አያ ዘሩ፦ ነይ ልጄ… ሰሃኗ ብትጠብም ትበቃናለች።

(ሰብሊ እግሯን ዘርግታ ቁጭ አለች፤ እጇን ከእጃቸው ጋር ወደ ሰሃኗ ሰደደች።)