ከውጭ አገር ያመጣሁት መንበርከክ

ከውጭ አገር የሚመለስ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም ይባላል። አንዱ ጫማ ያመጣል፣ አንዱ ስልክ፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይገዛ "እዚያ እኮ" የምትል ቃል ብቻ ይዞ ከተፍ ይላል። ይቺ "እዚያ እኮ" ቀረጥ የላትም፣ አታልቅም፣ የሰሚን ጆሮ ግን ታደነቁራለች። እኔም ለመምህርነት ስሠለጥን፣ የሕፃናት ክፍል እንድመለከት ለጥቂት ሳምንታት ወደ አንድ ብርዳም አገር ተልኬ ነበር። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝና ብርዱ አዲስ አልሆነብኝም። ይዤ የተመለስኩትን ብነግራችሁ ግን ትስቃላችሁ። መንበርከክ ነው።

እዚያ፣ ለአምስት ዓመት ልጅ በተሠራች ወንበር ላይ ተኮራምቼ ክፍሉን እመለከታለሁ። መምህርቷ ረጅም፣ ሸበቶ ሴት ናት። ልጅ ባናገራት ቁጥር ወለሉ ላይ ትንበረከካለች። መጀመሪያ ጉትቻዋ የወደቀባት መስሎኝ እኔም ጎንበስ ብዬ ፈልጌላታለሁ። ኋላ ገባኝ። ዓይኗን ከልጁ ዓይን ጋር ታስተካክልና፣ ልጁ ተኮላትፎ፣ የሚለውን ረስቶ፣ እንደገና ጀምሮ እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝና፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጬ በነዚያ ሕፃናት ቀናሁ። በመጫወቻቸው አልነበረም።

ተመልሼ ከከተማችን ዳር ባለ ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍል ተመደብኩ፤ ፊደል ቆጣሪዎቹ ዘንድ ማለት ነው። ከልጆቹ መካከል የሻረግ የምትባል ነበረች፤ ትምህርት ከጀመረች አንስቶ እዚህም ቤቷም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የአዋቂውን አላውቅም እንጂ የልጅ ዝምታስ ይነቅዛል። አባቷ አቶ ሞላ ጤፍና ገብስ የሚያርሱ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው። "እስከ ፋሲካ ካልተናገረች ዲዳ ናት ብዬ ቤት አስቀራታለሁ" ብለውናል።

አንድ ማለዳ ሄድኩና ከፊቷ ተንበረከክኩ። እኛ ትምህርት ቤት የሚንበረከከው ያጠፋ ተማሪ ነው፤ ተንበርክኮም ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ልጆቹ እጄን እስካነሳ ይጠብቃሉ። የሻረግ ትክ ብላ አየችኝ፣ ወደ በሩ ዞር ብላ የቀጣኝን ሰው ፈለገች፣ ከዚያ በሹክሹክታ፣

"መምህር፣ ምን አጥፍተው ነው?" አለችኝ።

ተናገረች! በደስታ ልበር ደረስኩ።

"አርፍጄ ነው" አልኳት።

"እኔም አረፍዳለሁ" አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ እንበረከካለሁ፣ እሷ ታወራለች። ስለ ጥጃቸው፣ መንገድ ላይ ስለሚያባርራት ውሻ፣ ስለ ታናሽ ወንድሟ፤ አንድ ጥፋተኛ ለሌላው ጥፋተኛ የሚደብቀው ነገር የለምና ሁሉንም ነገረችኝ። ታዲያ አፏ የተፈታ ልጅ ቤቷም ማውራቷ አይቀርም። አንድ እሑድ አባቷን አናገረቻቸው። የመጀመሪያ ወሬዋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

"አባየ፣ መምህራችን ሁልጊዜ ይንበረከካሉ። ጥፋታቸው ብዙ ነው።"

ሰኞ አቶ ሞላ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡና ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰበሰብን።

"ጉልበት የሚንበረከከው ለፈጣሪ ነው" አሉ። "እኛ ልጆቻችንን ትልቅ ሰው ስታዩ ብድግ በሉ እያልን እናሳድጋለን። መምህር ከልጆች እግር ሥር ከተገኘ ነገ እኛን ማን ያከብረናል?"

"አቶ ሞላ፣ ልጅዎ ተናገረች እኮ!" አልኩ።

"መናገሯንማ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የመጣሁት በተናገረችው ነው።"

ርዕሰ መምህሩ "ሕፃናትን ያማከለ ትምህርት" የሚል ጽሑፍ ከጀርባው ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ "የመምህርነትን ክብር ዝቅ አድርገሃል" አለና አራተኛ ክፍል ወረወረኝ። ወርውሮኝም አልቀረ፣ እድገት ነው ብሎ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። በእኔ ቦታ የተተካችው መምህርት ክፉ ሰው አይደለችም፤ ቀጥ ብላ ቆማ ታስተምራለች። የሻረግ አፍም ተመልሶ ተዘጋ። መረረኝ፤ ዛሬም ድረስ ይመረኛል። እኛ አገር ልጅ በረከት ነው ይባላል፤ በረከቱ አፉን ሲከፍት ግን ዝም በል ይባላል።

ከፋሲካ በኋላ የሻረግ አልመጣችም። አቶ ሞላ ቃላቸውን አያጥፉም ብያችኋለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት በሕማማት ሰኞ ነው። አገሩ ሁሉ በየደብሩ ይሰግዳል፤ በእኛ ግቢ የተንበረከከችው ግን እሷ ብቻ ነበረች፤ ዜሮ ክፍል በር ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ። ጥፋቷ ስትጠየቅ አለመመለሷ ነው። ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ይየኝ ብዬ ሄድኩና ከአጠገቧ ተንበረከክኩ። እጇን ሳታወርድ ቀስ ብላ ዞር አለች።

"መምህር፣ አሁንስ ምን አጠፉ?"

"ያንኑ፤ አርፍጄ ነው" አልኳት።