ሚስተር ኦልድሮይድና ሃያ ሦስቱ ፍተሻዎች

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ በሩን ቆልፎ የሚሄድና፣ ቆልፎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ እጀታውን የሚነቀንቅ። ሁለተኛው ዓይነት በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የእኛ ሰፈር ግን፣ ለመኩራራት አይሁንብኝና፣ የዘሩን አውራ አግኝቷል፤ ክቡር ሚስተር ክላይቭ ኦልድሮይድን።

ሚስተር ኦልድሮይድ እዚሁ ዮርክሻየር፣ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ አርባ ዓመት ጎማ ሲያስሩ የኖሩ መካኒክ ናቸው። እሳቸው ያሰሩት ጎማ አንድም ቀን ወልቆ አያውቅም። ይህን የማውቀው ስለነገሩኝ ነው፤ የነገሩኝም አንዴ አይደለም። ጡረታ ሲወጡ አልጋና ምድጃ ያለው ትልቅ ቫን ገዙ። ችግሩ የባለቤታቸው የወይዘሮ ቤሪል እህት ሺላ የምትኖረው ስኮትላንድ፣ ሙል ደሴት ላይ መሆኑ ነው፤ ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ቫኑን ይቅርና ሁለት በጎች ጎን ለጎን አያሳልፍም። ስለዚህ ክቡርነታቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ግቢያቸው ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው፣ የቤሪል ትንሽ ቀይ መኪና ከቫኑ ኋላ እየተጎተተች እንድትሄድ አሰናዷት።

ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ከቫኑ ሆድ ሥር ብረት በየዱ። ለመኪናዋ ባለሦስት ማዕዘን መጎተቻ ሠሩላት። ቫኑ ፍሬን ሲይዝ እሷም እንድትይዝ፣ ፍሬቻ ሲያሳይ እሷም እንድታሳይ ሽቦ ዘረጉ። የቫኑን ታርጋ ቁጥር እንኳ ከኋላዋ ደገሙላት።

«ክላይቭ፣ የመኪናዬን ጥርስ አወለቅከው እኮ!» አሉ ቤሪል፣ የፊት መከላከያዋ መሬት ላይ ተጋድሞ ሲያዩ።

«ትክክለኛ ጥርስ ላበቅልላት ነው። ይልቅ ስምንት ኩንታል ተኩል እንደምትመዝን ታውቂያለሽ?»

«ሴት ልጅ ክብደቷ አይነገርም። ዝጋ።»

በፋሲካ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሡ። ሃያ ሦስት ተራ ቁጥር ያለው የፍተሻ ዝርዝር በእጃቸው ነበር። አሥራ ስምንተኛው «የትንሿ መኪና የእጅ ፍሬን ይለቀቅ» ይላል። ልክ እዚያ ላይ ሲደርሱ ጎረቤታችን ሚስተር ታተርሶል ከነውሻቸው ብቅ አሉ።

«ዝናቡ ዛሬስ የሚምረን ይመስላል፣ ክላይቭ!»

በእኛ ዘንድ ስለ አየሩ ለተናገረ ሰው መልስ አለመስጠት፣ እንግዳ ፊት በር እንደ መዝጋት ነው። ክቡርነታቸው መለሱ። ታተርሶል አከሉ። ክቡርነታቸውም አከሉ፤ ከዚያ ዝርዝራቸውን ከአሥራ ዘጠኝ ቀጠሉ። ትንሿ መኪና ፍሬኗ እንደተያዘ፣ እየጮኸችና እየጨሰች እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ተጎተተች። የኋላ ጎማዎቿ አለቁ፤ ወደ ደሴቱ የሚሻገረው መርከብም አመለጣቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ሕግ ወጣ፦ «የተቋረጠ ፍተሻ ያልተጀመረ ፍተሻ ነው!» ቫኑ ሳይንቀሳቀስ አንድ ሰው ካናገራቸው፣ ሰላምታውን በትሕትና ይመልሱና ወደ ቁጥር አንድ ይሄዳሉ። እኔ ሰው ሰላም ከማለቴ በፊት ሦስት ጊዜ የማስብ ዓይነ አፋር ነኝ። አንድ ቀን ድፍረቴን ሰብስቤ «መልካም መንገድ» አልኳቸው፤ ለካ ቁጥር ሃያ ሁለት ላይ ነበሩ። «አመሰግናለሁ የኔ ልጅ» ብለው እንደገና ቫኑ ሥር ገቡ። ያን ዕለት ምሳቸውን ቫናቸው ውስጥ በሉ፤ ቫኑ ግን ገና ደጃቸው ላይ ነበር።

ሐምሌ ላይ ሺላ ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ሆነ። በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ወድቃ ተሰብራለች፤ «ዘጠናውን አትጠብቁ፣ ለዚህኛው ኑልኝ» ብላ ነበር። ዓርብ የመጨረሻውን መርከብ ለማግኘት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መነሣት ግድ ነው። ሐሙስ ቤሪል በሬን አንኳኩ።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ነገ ጠዋት ክላይቭን ሰላም እንዳትለው።»

«ምን አደረጉኝ?»

«ምንም። ሰላም ከምትሉት ብዛት እህቴን ሳላያት ልቀር ነው!»

በየቤቱ እንዲሁ ዞሩ። ታተርሶል ውሻቸውን በሌላ መንገድ ሊያናፍሱ ቃል ገቡ።

ዓርብ ጠዋት መንገዱ ጭር አለ። ሁላችንም መጋረጃ ኋላ ነን። ሚስተር ኦልድሮይድ መጎተቻውን በመዶሻ መቱ፣ ብሎኖቹን ነቀነቁ፣ ሽቦውን ጎተቱ፤ ከዚያ ድምፃቸው ተሰማ።

«የእጅ ፍሬን!»

«ተለቋል!» አሉ ቤሪል ከትንሿ መኪና ውስጥ።

«ማርሽ!»

«ፍሪ ነው!»

«መሪ!»

«አልተቆለፈም!»

ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስት! ሰዓቱ ለሁለት አምስት ጉዳይ ነው። እኔ ጨዋታ እንደሚመለከት ሰው ጡጫዬን ጨብጫለሁ።

ክቡርነታቸው ግን አልተነሡም። ቀና ብለው ባዶውን መንገድ አዩ። ፊታቸው ጠየመ። ቀጥ ብለው መጡና የእኔን በር አንኳኩ።

«አለህ የኔ ልጅ? ሰው አስቀይመን ይሆን?»

እጄ እጀታው ላይ ነበር። ከከፈትኩ ቁጥር አንድ ሊሉ ነው። ካልከፈትኩ የጠላናቸው ሊመስላቸው ነው። በዕድሜዬ ከብዙ እንግዳ ተደብቄያለሁ፤ እንደዚያ ያመመኝ ግን የለም። አልከፈትኩም።

«ክላይቭ!» አሉ ቤሪል በመኪናዋ መስኮት። «ማንም አልተቀየመህም! ዝም በሉት ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ሁሉም መጋረጃ ኋላ ቆመው ያዩሃል!»

ሚስተር ኦልድሮይድ ዝርዝሩን አዩ፤ ሰዓታቸውን አዩ። ሕጉ ሕግ ነው፤ ፍተሻው ተቋርጧል። ከዚያ መንገዱ መሀል ቆመው መስኮቶቹን አንድ በአንድ ቃኙና ጮኹ፦

«ሃያ ሦስቱንም አይታችኋል?»

መስኮት ሁሉ ተከፈተ። «አይተናል!» አለ ሰፈሩ። በሬን በርግጄ፣ ከሁሉም በላይ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ።

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። የራሳቸውን ዓይን እንጂ የማንንም አምነው የማያውቁ ሰው የእኛን አመኑ። ቤሪል ወደ ቫኑ ተዛወሩ፤ ቫኑም ተንቀሳቀሰ። ትንሿ ቀይ መኪና ሹፌር ሳይኖራት፣ የራሷ ጉዳይ እንዳላት ሁሉ ቀጥ ብላ ተከተለችው፤ ማዞሪያው ላይ ሲደርሱም የሁለቱም ፍሬቻ እኩል ብልጭ አለ።

አንድ የማላውቀው መንገደኛ አጠገቤ ቆሞ በአድናቆት ያይ ነበር።

«ይህን ማን ሠራው?» አለኝ።

«እኛ» አልኩት። አንድ ብሎን እንኳ አቀብያቸው አላውቅም።