በኩሽናው መሳቢያ የተደበቀችው ሰላይ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከአንድ ሰው በቀር፤ እሳቸውም እስከ ዛሬ ምስጢሬን ጠብቀውልኛል። ለምን እንደጠበቁልኝ መጨረሻ ላይ ስትሰሙ ትስቁብኝ ይሆናል።

መቼም ሰው ሁሉ የሚደብቀው ነገር አያጣም። አንዱ ዕድሜውን ይደብቃል፤ ሌላዋ የጀርመንኛ ፈተና ሁለት ጊዜ መውደቋን። እኔ የደበቅኩት ሰላይ ነበር። አትደንግጡ፣ የወረቀት ሰላይ ናት።

ስሟ ወሰኔ ይባላል። ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሃል፣ ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ፣ የአንድ ኮሎኔል ልብስ አጣቢ ሆና የተቀጠረች የውስጥ አርበኛ ናት። ኮሎኔሉ ፊደል ያልቆጠረች ስለሚመስለው ካርታውን ጠረጴዛ ላይ እንደዘረጋ ትቶላት ይወጣል። እሷ ካርታውን አይታ ሸሚዝ ታሰጣለች። ሦስት ነጭ ሸሚዝ በተርታ ከተሰጣ ጦር ሊንቀሳቀስ ነው፤ እጅጌው ወደ ታች ከተንጠለጠለ መድፍም አብሮ አለ። ከማዶ ኮረብታ ሆኖ የሚያይ ያያል። ሰውዬውን የገዛ ሸሚዙ ሲያሳጣው አስቡት።

የፈጠርኳት እኔ ነኝ። አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ፤ ፍራንክፈርት መጥቼ ኦስትሃፈን በሚገኝ መጋዘን ካርቶን አሽግ ነበር። ጸሎት ምሪ ስባል እንኳ ድምፄ የሚጠፋ ዓይን አፋር ነኝ። ስለዚህ ሮደልሃይም ሰፈር በኪራይ አዳራሽ ስናመልክ የጉባኤው ጸሐፊ ሆንኩ፤ ዓይን አፋርን ከሰው ፊት የሚያስጥላት ወረቀት ብቻ ነዋ። የቀኝ እጄን ጽሑፍ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሁሉም ያውቀዋል። ወሰኔን ግን በግራ እጄ ነበር የምጽፋት። በየእሁዱ አንድ ክፍል ከአዳራሹ ኩሽና መሳቢያ፣ ከፎጣዎቹ ሥር እሸጉጣለሁ።

ከዚያ በፊት ፑትስፕላኑ፣ የጽዳት ተራ ዝርዝሩ፣ ላይ ስሟ የወጣ ሴት ሁሉ የዚያን ዕለት ራሷን ያማት ነበር። ወሰኔ ከመጣች በኋላ ግን ተራቸው ያልደረሰው ሳይቀሩ ጽዳት ይሻሙ ጀመር። የታጠበ ብርጭቆ ደግመው ሲያጥቡ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዷ ታነባለች፣ ሌሎቹ ያጥባሉ፤ እኔ ጥግ ቆሜ ማንኪያ አደርቃለሁ። “ዛሬስ ትያዛለች” ሲሉ የደረቀውን ማንኪያ እንደገና አደርቃለሁ። ያንን ደስታ በምን ልንገራችሁ? ሳምንቱን ሙሉ ካርቶኑ ቀለለኝ።

ታዲያ ከዕለታት አንድ እሁድ የሽማግሌዎቻችን ሰብሳቢ ጋሽ ግርማ ጠሩኝ። በአዘቦት ቀን አውቶቡስ ይነዳሉ፤ እሁድ ደግሞ እኛን። ይህን ዓለማዊ ጽሑፍ የሚያመጣውን ሰው እንዳጣራ፣ የእጅ ጽሑፍ የምለየው እኔ እንደሆንኩ ነገሩኝ። ጅብን ሥጋ ጠብቅ ማለት ይኸው ነው። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ “ምርመራው ቀጥሏል” እያልኩ ሪፖርት አቀረብኩ። ወሰኔ እንኳ እንዲህ ያለ ድርብ ሥራ አልነበራትም።

በአራተኛው ሳምንት ሽማግሌዎቹ እኔን መጠበቅ ታከታቸው። የኩሽናው ቁልፍ ያለው አዳራሹን በምታጸዳው በጽጌ እጅ ነው፤ ወረቀቱ የሚገኘው ኩሽና ነው፤ እንግዲህ ጽጌ ናት አሉ። ጽጌ ጥገኝነት ጠይቃ የምትጠባበቅ ልጅ ናት። ሐሙስ ከውጭ ዜጎች ቢሮ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ አላት፤ ከጉባኤው የድጋፍ ደብዳቤ ይዛ መቅረብ ነበረባት። ነገሩ እስኪጣራ ደብዳቤው ይቆይ ተባለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊርማ ብቻ ጎድሎት ቦርሳዬ ውስጥ ተኝቷል።

የዚያ እሁድ ክፍል ደግሞ፣ የእኔ ነገር፣ አስቀድሞ መሳቢያው ገብቷል። ኮሎኔሉ ይነቃና በወሰኔ ፈንታ ጓደኛዋን ያስራል። ወሰኔ ምን ታድርግ? እኔ ዝም ላሰኛት ነበር ያሰብኩት። ኩሽናው ለሁለት ተከፈለ። አንዷ፣ ከኋላዋ ስንት አርበኛ እያለ ዝም ማለት አለባት ብላ ተከራከረች። ጽጌ ስለ ደብዳቤው ገና አልሰማችም። ክንዷ ድረስ አረፋ ውስጥ እንደገባች፣

“ሌላ ሰው ታስሮላት ዝም ካለችማ ሰላይ አይደለችም፤ ፈሪ ናት” አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “አይደል እንዴ፣ ሰንዬ?”

“ነው” አልኩ። እንደዚያች ቃል የከበደችኝ የለችም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ወደ ሥራ የሚወስደኝን የጋሽ ግርማን አውቶቡስ ጠብቄ ከፊት ተቀመጥኩ። ከሹፌሩ ጋር መነጋገር ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ የዓይን አፋሮች አምላክ ያስለጠፈው ነው። እስከ መጨረሻው ፌርማታ እሱን ሳነብ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ሲወርድ የመጨረሻውን ክፍል ሰጠኋቸው። ወሰኔ ኮሎኔሉ ፊት ቆማ፣ ሸሚዞቹን ለምልክት ያሰጣሁት እኔ ነኝ ትላለች። በቀኝ እጄ ነው የጻፍኩት።

ጽሑፉን አዩ፤ እኔን አዩ።

“አንቺ?”

“እኔ ነኝ፣ ጋሽ ግርማ። ጽጌ ምንም አታውቅም።” የጽጌን ደብዳቤ መሪው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

እስክሪብቶ አውጥተው ፈረሙ። ከዚያ ከመቀመጫቸው ሥር አንድ ማኅደር አወጡ። ወሰኔ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በተርታ ተሰድራለች። ማስረጃ መሆኑ ነው አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን፣ አውቶቡሱ ባዶ ሳለ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“አራተኛው የለኝም። ባለቤቴ ለእህቷ አውሳው በዚያው ቀረ።”

መጋዘን አርፍጄ ደረስኩ። በቁርስ ሰዓት ካርቶኖቹ መሃል ቁጭ ብዬ አራተኛውን ክፍል እንደገና ጻፍኩት። በግራ እጄ።